ስምንት ዳክዬና አንድ የመኖ ከረጢት፦ የቀለበት መንገዱን የዞርኩበት ቅዳሜ

ጠዋት 7:00፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ለሽርሽር አይደለም የወጣሁት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከበርክ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ስምንት የዳክዬ ጫጩቶች እግራቸው አልቆም ብሎ በሆዳቸው እየተንፏቀቁ ነበር። ጥፋቱ የኔ ሳይሆን እንዳልቀረ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ልቤ ነግሮኛል። ሰዓቱን የምጽፈው በዚህ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ስለሆንኩ በሌላ ሰዓት ማሰብ ከተውኩ ቆይቷል።

የዳክዬዎቹ ባለቤት ጋሼ ደምሴ ይባላሉ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የእህል መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ልጃቸው ጽጌ አመጣቻቸው። ጽጌ ነርስ ናት፤ እኔና እሷ የምንተዋወቀው ከአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዎች ጋር ስንቆም ነው። አባትየው እንደመጡ ቲቪ ፊት ለፊት ያለች አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ዓመት ከመንፈቅ ያህልም ከዚያች ወንበር ብዙ አልተነሡም። ከዚያ ጽጌ ኩሬ ያለው ሰፊ ግቢ ተከራየች፤ የቤቱ ባለቤት የሆኑት አሮጊትም ዳክዬ ማርባት እንደሚቻል ነገሯቸው። ስምንት ጫጩት ተገዛ፣ ጋሼ ደምሴ ከወንበሩ ተነሡ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ውኃ ይቀይራሉ፣ አጥር ይጠግናሉ፣ ለጎረቤት ሰላምታ ይሰጣሉ። ይኸው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት አልኩ፤ የሳቸውን ነገር ሳወራ በሳቸው ሰዓት እገባለሁ።

እኔ እዚህ ታሪክ ውስጥ የገባሁት በዲፕሎማዬ ነው። አገር ቤት የእንስሳት እርባታ ተምሬ፣ ዘጠኝ ዓመት ለገበሬ ስለ ዶሮ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላባ ያለው ነገር ሁሉ ወደኔ ይመራል። አንድ ጊዜ የታመመ በቀቀን ይዞብኝ የመጣ ሰው አለ። ጽጌም ጫጩቶቹ እንደተገዙ ኮል አድርጋ እንድመጣ ለመነችኝ፤ እኔም ሄድኩ።

ጥፋቱ የተሠራው ያን ቀን ነው። ጋሼ ደምሴ ራሳቸው መርጠው የዳክዬ ሥዕል ያለበት ከረጢት መኖ ገዝተው ነበር። እኔ ከረጢቱን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። መጀመሪያ ላይ በቆሎ፣ አተር፣ ስንዴ ይላል፤ ከዚያ በታች ረጅም ረጅም ስም ተደርድሯል። የኔ ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ማንበብ የማይቻል ስም ያለበት ነገር ቤቴ አይገባም። እንቁላሌ ኦርጋኒክ፣ ወተቴ ኦርጋኒክ፣ ጤፌንም ማን እንዳስፈጨው ጠይቄ ነው የምገዛው። «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ኬሚካል ነው፤ ይመልሱት» አልኳቸው። በምትኩ እህል ብቻ ተፈጭቶ የተቀላቀለበትን፣ አምስት ቃል ብቻ የተጻፈበትን ሌላ ኦርጋኒክ መኖ አስገዛኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ከረጢቱን ትንሽ አዩት፤ «እሺ፣ የተማረ ይግደለኝ» አሉና መለሱት። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት ከምናምን ነው። ሐሙስ ለት ጽጌ ቪዲዮ ላከችልኝ። ዳክዬዎቹ በአካል አድገዋል፣ ሰውነታቸው ጥሩ ነው፣ እግራቸው ግን እንደ ቅስት ወደ ውጭ ጎብጦ ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ሁለት እርምጃ ይሄዱና ይቀመጣሉ። ከቪዲዮው በታች የጻፈችው አጭር ነበር፤ ሲሰቃዩ እያየች ሥራ መሄድ እንዳቃታት፣ እስከ ሰኞ ካልቆሙ ሐኪም ዘንድ ወስዳ በመርፌ እስከ ወዲያኛው እንደምታስተኛቸው፣ ሁለተኛም እንስሳ የሚባል ነገር ግቢዋ እንደማይገባ። አባባ ወንበሩ ላይ ተመልሷል ብላ ነው የጨረሰችው። ይቺ የመጨረሻዋ አላስተኛችኝም።

8:10፣ በልትስቪል

በርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። በልትስቪል ውስጥ የእንስሳት መኖ የምትሸጥ አንዲት ሱቅ አለች፤ ጋሼ ደምሴም ያንን የመጀመሪያውን ከረጢት የገዙት ከዚያው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ዋሽንግተንን የሚዞረው ቀለበት መንገድ ባዶ ስለሆነ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም፤ ሱቋ 8:00 እስክትከፈት መኪና ውስጥ ጠበቅሁ። ሱቋ የፈረስ ድርቆሽና የአዲስ እንጨት ሽታ አላት። ባለቤትዋ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ እጇ የሠራተኛ እጅ የሆነ ፈረንጅ ናት። ስለ ዳክዬዎቹ እግርና ስለ ቪዲዮው ነግሬያት ወደ ዶሮ አዋቂነቴ ልገባ ስል ቪዲዮውን አሳዪኝ አለች።

አንድ ጊዜ አየችው። ስንት ሳምንታቸው እንደሆነና ምን እንደሚበሉ ጠየቀችኝ። አራት ሳምንት ሊሞላቸው ነው፣ ንጹሕ ኦርጋኒክ እህል ነው የሚበሉት አልኳት፣ ንጹሕ የሚለውን ጠበቅ አድርጌ። ምን ቫይታሚን ተጨምሮበታል አለችኝ። ምንም፣ አልኩ በኩራት። ሴትየዋ ስልኬን መለሰችልኝና ኒያሲን አለች።

ያስረዳችኝን በኔ አማርኛ ላስቀምጠው። ኒያሲን ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው፤ ቢ ሦስት የሚሉትም አሉ። የዶሮ ጫጩት ከምትበላው ፕሮቲን ላይ ጥቂቱን ሰውነቷ ራሱ ይሠራዋል። የዳክዬ ጫጩት ግን በዚህ በኩል ሰነፍ ናት፤ ስለዚህ ከዶሮዋ እጥፍና ከዚያም በላይ ከምግቧ ማግኘት አለባት። በቆሎና ስንዴ ውስጥ ኒያሲን አለ፤ አብዛኛው ግን ተቆልፎ የተቀመጠ ስለሆነ ወፏ አትጠቀምበትም። ዳክዬ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ጉድ ነው የምታድገው። ሰውነቱ ይከብዳል፣ እግሩ አይችለውም፣ ይጎብጣል። እኔ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ስለ ዶሮ ነው። ዳክዬን በእጄ እንኳ ይዤ አላውቅም፤ አንድም ሰው አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወደ መደርደሪያው ወሰደችኝ። የዳክዬው መኖ አልቆ እስከ ማክሰኞ አይመጣም፤ ለናሙና የተቀደደ አንድ ከረጢት ብቻ ተሰቅሏል። ሥዕሉን አወቅሁት። ጀርባውን ገልብጬ ያንን ረጅም ዝርዝር በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ፣ መሃል ላይ ተቀምጧል፦ ኒያሲን። ከረጢቱ ፊት ላይ ደግሞ አረንጓዴው የኦርጋኒክ ማኅተም አለ። ሴትየዋ ኦርጋኒክ ማለት ቫይታሚን የሌለው ማለት አይደለም፣ እህሉ እንዴት እንደተመረተ ነው የሚናገረው አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀቱንም አስለቅቄ፣ ሞኝነቴን ብቻ ይዤ ቀርቼ ነበር።

ይድናሉ ወይ አልኳት። ጅማቱ ከመገጣጠሚያው ላይ ካልተንሸራተተ በጥቂት ቀን ለውጥ ይታያል፤ የተንሸራተተበት ግን አይመለስም፤ ስለዚህ ማክሰኞን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ጀምሪ አለችኝ። ቫይታሚን ያለበትን፣ መድኃኒት ያልተቀላቀለበትን ኦርጋኒክ የዶሮ ጫጩት መኖ ሸጠችልኝ። እሱ ብቻውን ለዳክዬ ስለማይበቃ፣ በያንዳንዱ ስኒ መኖ ላይ አንድ ሾርባ ማንኪያ ተኩል የቢራ እርሾ እንድጨምር በቁራጭ ወረቀት ጻፈችልኝ። ለመኖ የሚሆነው እርሾ እሷ ጋ አልቋል። በግምት አታድርጊው ስትለኝ ዓይኔን እያየች ነው፤ እንዴት አወቀችኝ አልኩ በልቤ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሣ ቆየሁ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ሰዓት ያሰብኩት ስለ ዳክዬዎቹ አልነበረም። ለጋሼ ደምሴ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ነበር የማውጠነጥነው። አንድ የተሻለ መኖ አግኝቻለሁ እላለሁ፣ ስለ ፊተኛው ከረጢት ምንም አላነሣም፣ ዳክዬዎቹ ይቆማሉ፣ ነገሩ ያልፋል። በዚህ ወስኜ ተነሣሁ።

9:15፣ ድልድዩ ላይ

ከበልትስቪል በምሥራቁ በኩል ወደ ታች ሲወርዱ መንገዱ ዛፍና ግድግዳ ብቻ ነው፤ ፖቶማክ ላይ ሲደርስ ነው የሚከፈተው። ወንዙ ላይ ስስ ጭጋግ ነበር፤ በግራ በኩል ያለው ትልቁ መዝናኛ መንኮራኩር ገና አልተንቀሳቀሰም። ይህን ድልድይ በሥራ ቀን አርባ ልጅ ጭኜ አልፌው አላውቅም፤ ስለዚህ ደስ ይለኛል። ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ስገባ፣ እዚያ ቅጣቱ ስለሚበረታ፣ እንደ ሁልጊዜው ፍጥነቴን ቀነስኩ።

እዚያው ድልድይ ላይ አዲስ ሐሳብ መጣልኝ። የቢራ እርሾ ከሆነ ነገሩ፣ የጠላ አተላ ምን አነሰው? አገር ቤት ከብት በአተላ ነው የሚደልበው። አተላ ማለት ደግሞ እርሾው የተዘቀጠበት ነው። ከድልድዩ ማዶ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር ደግሞ አስቴር አለች። አስቴር ከሃያ ዓመት በፊት አንድ አፓርትመንት በጋራ የተከራየን ጓደኛዬ ናት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልጇን ትድራለች፣ ጠላ መጥመቋንም ሰምቻለሁ። ደወልኩላት። አተላ ስጪኝ ስላት ለማን ብላ ጠየቀችኝ፤ ጠላ እንደማልቀምስ ታውቃለች። ለዳክዬ አልኳት። ለዳክዬ? ብላ ደግማ ጠየቀችኝና ነይ አለችኝ።

10:00፣ ላንድማርክ

ላንድማርክ ለእንግዳ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ከበርክ ድረስ ከመንዳት ይከብዳል። ሁለት ጊዜ ዞሬ፣ በሦስተኛው አንድ ኤርትራዊ ጎልማሳ ሲወጣ ደርሼ ቦታውን ያዝኩ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እዚህ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳትቆሚ፣ ያነሡታል ብሎ መከረኝ። ስምንተኛ ፎቅ ነው። ኮሪደሩ ገና ከሊፍት ሲወጡ ጌሾ ጌሾ ይላል። አስቴር በር ስትከፍት ከጀርባዋ ሦስት ሰማያዊ በርሜል በነጭ ጨርቅ ታስሮ ቆሟል፤ ሶፋው ወደ መኝታ ቤት ተባሯል።

ሳልቀመጥ ሁሉንም አስረዳኋት። አስቴር እርባታ አልተማረችም፤ እናቷ ግን ጠላ ሻጭ ነበሩ። እየሳቀች ነው ያስጨረሰችኝ። አንድ ቀን የእናቷ ጫጩቶች የተደፋ አተላ ለቅመው፣ ሁለቱ አልጋ ሥር ተኝተው ሳይነሡ እንደቀሩ ነገረችኝ። በሬ ሌላ ነው፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ይሄ ገና መጠጡ አልወጣለትም፣ እግሩ ላልቆመ ሕፃን ይሄን ልትሰጪ ነው ወይ አለችኝ። ስንት እርሾ እንዳለበትስ በምን ታውቂያለሽ? በግምት አታድርጊው የተባልኩት ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም ነበር። አፈርኩ።

አስቴር ወደ ቁም ሳጥኗ ሄዳ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ አመጣች። በጾም ጊዜ የሽምብራ ዱቄት ላይ እየነሰነሰች አይብ አይብ የሚል ነገር የምትሠራበት ቢጫ ቅርፊት ነው፤ ምግብ ላይ የሚነሰነስ እርሾ፣ ሕይወት የሌለው፣ አልኮል የሌለበት። ያን ቆርቆሮ እንደ ፈተና ወረቀት አነበብኩት፣ አንድም ቃል አልዘለልኩ። ከቫይታሚኖቹ መሃል ኒያሲን አለ፣ ቁጥሩም ትልቅ ነው። በልትስቪል ደውዬ ሴትየዋን ጠየቅኋት፤ ይሆናል፣ በዚያው መጠን አድርጊው አለችኝ። ደውሎ መጠየቅ ለካ ይህን ያህል ቀላል ነው።

ሳልበላ አልወጣም። ፍርፍር አቀረበችልኝ፣ ቁጭ ብላ ስበላ አየችኝ። ከዚያ ሰውየው ጥፋቱ ያንቺ መሆኑን ያውቃሉ ወይ አለችኝ። መኪና ውስጥ የወሰንኩትን ነገርኳት፤ አረጋዊን ማሳዘን ምን ይጠቅማል፣ ዋናው መዳናቸው ነው አልኩ። አስቴር ሳህኑን አነሣች።

«ለሳቸው አዝነሽ አይደለም» አለች። «ለስምሽ ነው የፈራሽው።»

ቆርቆሮውን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ፣ ለጋሼ ደምሴ ደግሞ ግማሽ ድፎ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ለዳክዬ ዳቦ እንዳይሰጡ ንገሪያቸው ብላ በሩን ዘጋች።

11:40፣ በርክ

ከላንድማርክ በብራዶክ መንገድ ይዘልቃል። እያንዳንዱ መብራት ላይ ቆምኩ። አፓርትመንቱ እየሳሳ፣ ግቢው እየሰፋ፣ ዛፉ እየበዛ ይሄዳል፤ በርክን አልፎ ወደ ገጠሩ ሲጠጋ የፖስታ ሳጥንና አጥር ብቻ ነው የሚታየው። ልክ የጠጠሩ መንገድ ላይ ስገባ ጋሼ ደምሴን አየሁ። ኩሬው አጠገብ ሣር ላይ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው ዳክዬ በእጃቸው ወደ ውኃው ሳህን ያስጠጋሉ። ባርኔጣቸውን አድርገዋል። ልቤ ቀለል አለው፤ ወንበሩ ላይ ነበር የጠበቅኋቸው።

እንደ መጋዘን ኃላፊነታቸው ለዳክዬዎቹ ስም አላወጡም፣ ቁጥር ነው የሰጧቸው። በያንዳንዷ እግር ላይ ባለ ቀለም ክር አሥረዋል። ቁጥር አንድና ሰባት ይቆማሉ፣ ሌሎቹ ጥቂት ተራምደው ይቀመጣሉ። ቁጥር ሦስት፣ ቀይ ክር ያላት፣ ጭራሽ አትነሣም፤ አንደኛው እግሯ ወደ ጎን ወጥቷል። ክንፏን እንደ ክራንች ሣሩ ላይ እየተደገፈች ነው የምትሳበው። ሳያት ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልዋሽም።

ጽጌ የሌሊት ሺፍት ጨርሳ ገና ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። እንደዛሬ ደክሟት አይቻት አላውቅም። አባቷ ፊት ቆማ በቁጣም ሳይሆን በድካም፣ ዳቦ አትስጣቸው ብዬ ስንቴ ነገርኩህ አባባ፣ ይኸው አለቻቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ፤ ከረጢቱን እንደታቀፍኩ ነው። ጋሼ ደምሴ ቀና ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ልክ ነሽ ልጄ፣ ዳቦው ነው» አሏት።

ጽጌ ልትተኛ ገባች። እኔ ምንም አላልኩም። አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል፤ ምንም አላልኩም።

መኖውን ማዘጋጀት ጀመርን። በስኒ ለካሁ፣ እርሾውን በማንኪያ ለካሁ፣ ጋሼ ደምሴ ወረቀቱን ይዘው ይቆጣጠሩኛል፤ ማንኪያው ላይ ከፍ ሲል በጣታቸው ያስተካክሉታል። በለብ ያለ ውኃ አርሰን ዝቅ ባለ ሳህን ስናቀርብ ዳክዬዎቹ በአንድ ጊዜ ምንቃራቸውን ነከሩት። የእርሾው ሽታ ሳይስባቸው አልቀረም፤ እንዲህ ተስገብግበው አይቻቸው አላውቅም አሉ ጋሼ ደምሴ። ቁጥር ሦስትን እቅፋቸው ላይ አድርገው ለብቻዋ አበሏት። የቢራ እርሾ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸውና። አይደለም፣ የጾመኛ ሰው እርሾ ነው አልኳቸው። ሳቁ። ሲስቁ ባሰብኝ።

ከዚያ ኩሬው ዳር ካለው ግንድ ላይ ተቀመጥን። ያዘጋጀሁት ንግግር አልነበረም፤ አፌ ላይ እንደመጣ ነው ያወጣሁት።

«ጋሼ፣ ዳቦው አይደለም። እኔ ነኝ። ያስመለስኩዎት መኖ ነው ትክክለኛው። የሚያስፈልጋቸው ነገር እዚያ ላይ ተጽፎ ነበር፣ እኔ ኬሚካል ነው አልኩዎት።»

ጋሼ ደምሴ የሸሚዛቸውን ኪስ ቁልፍ ፈትተው የኪስ ቦርሳቸውን አወጡ፤ ከውስጡ በመቀስ የተቆረጠች፣ ለአራት የታጠፈች ወረቀት አወጡና ጉልበቴ ላይ ዘረጓት። የመጀመሪያው ከረጢት ላይ ተሰፍቶ የነበረው የይዘት ዝርዝር ነው። ከረጢቱን ከመመለሳቸው በፊት ቆርጠው አስቀርተውታል። መሃሉ ላይ አንድ ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ለካ ዳክዬዎቹ መሰነፍ የጀመሩ ሰሞን፣ እሳቸው ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጠው ቃል በቃል አስተያይተዋል። ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ የኖሩት ይህንኑ ነው፤ የመጣውን ከተጻፈው ጋር ማመሳከር። የጎደለውን አንድ በአንድ ከመዝገበ ቃላት ፈልገው ኒያሲን ላይ ደርሰዋል። እናም ሦስት ጊዜ ደውለውልኛል። አስታወስኩ። ያ የፊተኛው እንዴት ነበር ለመሆኑ፣ ብለው ጠይቀውኛል። እኔ አውቶቡሱን እያሞቅሁ፣ አይስጉ ጋሼ፣ ይለምዱታል ብዬ ዘግቼአለሁ።

«ታዲያ ለምን በግልጽ አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«እንዴት ብዬ?» አሉ። «ሥራሽን ትተሽ፣ ነዳጅሽን አቃጥለሽ፣ በነጻ ልትረጂኝ መጣሽ። ተምረሻል። በልጄ ፊት ተሳስተሻል ልበልሽ?»

ቁጥር ሦስትን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ላባዋን በጣታቸው ይደባብሳሉ። ለኔ ይሁን ለራሳቸው ባላውቅም፣ ቀጠሉ።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ሠላሳ ዓመት መጋዘን ጠብቄአለሁ፤ ተዘግቶ ተቀምጦ የማይነቅዝ ነገር አላየሁም። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው።»

አይደለም ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ማጽናኛ እንደማይፈልጉ ከፊታቸው ስላየሁ ተውኩት። ተነሥቼ ወደ ቤት ገባሁ። ጽጌ አልተኛችም፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ዳቦው እንዳልሆነ፣ ማን መኖውን እንዳስመለሰ፣ አባቷ ምን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው እንደነበር፣ ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጣች፤ መቆጣትም ሲያንሳት ነው። ሰኞን ወደ ሌላኛው ሰኞ አራዘመችልኝ፣ እሱንም ለኔ ሳይሆን ለአባባ ነው አለች። ከዚያ ወጥታ ግንዱ ላይ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ መኪና ውስጥ ነበርኩ።

4:30፣ ወደ ቤት

የተመለስኩት በምዕራቡ በኩል ነው፤ ስለዚህ ያን ቀን ቀለበት መንገዱን ሙሉ ለሙሉ ዞርኩት ማለት ይቻላል። ታይሰን አካባቢ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። በሌላ ቀን ቢሆን መሪውን እደበድብ ነበር። ፖቶማክን እንደገና ተሻገርኩ፣ በዚህ በኩል ድልድዩ ጠባብ፣ ወንዙም ዛፍ ውስጥ የተደበቀ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነበር። የመኪናዬ የኋላ ወንበር የመኖ ብናኝ ለብሷል፤ ልብሴም ጌሾ ጌሾ ስለሚል እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ካፖርት ለብሼ ሄድኩ።

ማክሰኞ የዳክዬው መኖ መጣ፤ ጋሼ ደምሴ ሊገዙ ሄደው ከሱቁ ደወሉልኝ። ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ በመጋዘን ኃላፊ ድምፅ፣ አንድ በአንድ አነበቡልኝ። እኔም አንዱንም ሳላቋርጣቸው ሰማሁ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ አምስቱ በደንብ ይራመዱ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሰባቱ ኩሬ ገቡ። ሰኞዋም መጣች፣ ሐኪም ቤት የሄደ የለም። ቲቪ ፊት ያለችው ወንበር ላይ አሁን የዳክዬዎቹ ፎጣ ነው የሚሰጣው።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ስለ ኒያሲን ብዙ ነው፤ ዳክዬ ለሚያረባ ሁሉ ሳልጠየቅም እናገራለሁ። ሌላው ትምህርት ግን ትንሽ ይመራል። እኔ አዋቂ ለመባል ዝም አልኩ፣ እሳቸው እኔን ላለማሳፈር ዝም አሉ፤ በሁለታችን ጨዋነት መሃል የጎበጠው የጫጩቶቹ እግር ነው። አሁን ሰው ስለ በቀቀን ሲጠይቀኝ አላውቅም እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አፌ ላይ ይከብደኝ ነበር፤ እየለመድኩት ነው።

ቁጥር ሦስት አልዳነችም። ጅማቷ ተንሸራቶ ስለነበር እስከ ዛሬ ታነክሳለች፤ ትዋኛለች ግን፣ ትበላለች፣ ሌሎቹንም ትነክሳለች። በርክ በሄድኩ ቁጥር ሰባቱ ሲሸሹ እሷ ብቻ እያነከሰች ወደኔ ትመጣለች፣ ምናልባት ሽሽቱ ስለሚያደክማት ይሆናል። ድሮ ቢሆን ጋሼ ደምሴ አይተው እንዳላዩ ያልፉኝ ነበር። አሁን ከግንዱ ላይ ሆነው፣ «ያቻት፣ ያንቺ መጣች» ይሉኛል፤ እኔም ቁጭ ብዬ እጄን እዘረጋላታለሁ።